ዳጣ ይዘን ወደ ባሕር

እናቴ የሲቀላ ገበያ ሰዎችን ማስቀየም የጀመረችው ሳታውቀው ነው። መጀመሪያ አጠገቧ ሙዝ የምትሸጠው ጎረቤታችን መጥታ፣ «እናትሽን ምን በድያት ነው? ሰላም ብላት ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም» አለችኝ። ቀጥሎ ከስልጤ መጥተው እዚያው ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ የከፈቱት ሽማግሌ፣ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ቆመው «እናትሽ ፎቅ ሠራች እንዴ? ኮርታብናለች እኮ» ብለው ቀለዱብኝ። እኔም ነገሩን እንደ ቀልድ ይዤው ነበር። አንድ ቀን ግን በስተቀኟ የመጣች ባጃጅ ቀሚሷን ይዛ ስትጎትታት እናቴ የተናገረችው አስደነገጠኝ። «ከየት መጣች? ከመሬት ወጣች?» አለች። ባጃጇ ከሩቅ ጀምሮ ጥሩምባዋን እየነፋች ነበር የመጣችው።

የወሰድኳት የዓይን ሐኪም ረጋ ያለ ሰው ነበር። በዓይኗ ውስጥ ያለው ግፊት ጨምሮ ነርቩን ጎድቶታል አለን። ግራው ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር ብዙም አይሠራም፤ ቀኙም ቢሆን ከዳርና ከዳር እየተዘጋ ነው፣ መጋረጃ ከሁለት ወገን ሲሳብ እንደሚሆነው። የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ለማቆየት ጠዋትና ማታ ጠብታ ታደርጋለች። እናቴ ይህን ሁሉ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ከሰማች በኋላ ሐኪሙን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። «ፊት ለፊቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚዘጋው?» አለች። አዎ አላት። አመሰገነችው፤ መርቃውም ወጣች።

መንገድ ላይ ዝም አለች። እናቴ ዝም አትልም፤ ስለዚህ ፈራሁ። ቤት ደርሰን ጫማዋን ስታወልቅ ነው፣ ያላየችው ነገር ምን ምን እንደሆነ መንገዱን ሙሉ ስታስብ እንደመጣች የነገረችኝ። አዲስ አበባን አይታለች። የጫሞን አዞ አይታለች። የልጆቿን ሠርግ አይታለች፣ ከእኔ በቀር፤ የእኔን ደግሞ ተስፋ ቆርጣለች። «ባሕር ነው የቀረኝ» አለች።

የዚህ ባሕር ነገር በቤታችን የቆየ ጉዳይ ነው። እናቴ የደጋው የገረሴ ልጅ ናት። በጋሞኛ ሐይቁም ባሕሩም አንድ ቃል ነው፤ ሁለቱም «አባ» ይባላሉ። ደጋ ላይ ሳለች ቄሶቹ ስለተከፈለው ባሕር፣ ስለ ማዕበሉ፣ ስለ መርከቡ ሲያስተምሩ በልቧ ሥላ የያዘችው ባሕር ነበራት። ተድራ ወደ ቆላ ስትወርድ፣ ከተራራው መታጠፊያ ላይ ዓባያ ከታች ቡናማ ሆኖ ሲዘረጋ አየችና፣ ይኸው ባሕሩ ብላ አማተበች። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የባሕር ዳር ሰው ነኝ ብላ ኖረች። እኔ ነኝ ከትምህርት ቤት መጥቼ፣ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣ ዓባያ ሐይቅ እንጂ ባሕር እንዳልሆነ፣ ባሕር ውሃው ጨው እንደሆነ በኩራት የነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ፣ «ባሕሬን ወሰድሽብኝ» አለች። ሲከፋትም ደስ ሲላትም የምትጠቅሰው ነገር ሆኖ ቀረ። ሽንኩርት እየላጠች፣ «ይቺ ልጄ ባሕሬን የወሰደች» ትለኛለች።

እኔ እቅድ የምወድ፣ እቅዴ ሲበላሽብኝ ደግሞ የምቆጣ ሰው ነኝ። መሥሪያ ቤት ውስጥ «የእሷን ወረቀት አታንቀሳቅሱ» ይሉኛል። በአውሮፕላን መሄድ አቅማችን አይደለም። ነገር ግን አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ በጀርባው ቦርሳ አዝሎ ከአውቶቡስ አውቶቡስ እየቀያየረ እስከ ኬንያ የባሕር ጠረፍ፣ ሞምባሳ ድረስ ሄዶ ነበር። ርካሽ ማደሪያ፣ ርካሽ አውቶቡስ፣ ምግብ ከቤት። መንገዱን በዝርዝር ጠየቅሁት። ሰልባጅ ተራ ሄጄ ሁለት የጀርባ ቦርሳ መረጥኩ፣ ትልቁን ለእኔ፣ ትንሹን ለእናቴ። ስታዝለው ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ሳቀ። እናቴ ቦርሳዋን ከኋላዋ በእጇ ደገፍ አድርጋ እንደ ሕፃን እያባበለች፣ «በእርጅናዬ አዘልኩ» አለች።

አንድ ነገር ብቻ ከለከልኳት። ዳጣ አትያዢ አልኳት። ዳጣ፣ የእኛን አገር ሰው ምግብ ለማያውቅ፣ ቃሪያና ሚጥሚጣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከቅመማ ቅመም ጋር ተፈጭቶ የሚሠራ ማባያ ነው፤ እናቴ የምትሠራው ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ቤታችን የመጣ እንግዳ ቀምሶት ተነሥቶ ሲሄድ አይቻለሁ። ይፈሳል፣ ይሸታል፣ ጠረፍ ላይ ይጠይቁናል አልኳት። እሺ አለች። እናቴ እሺ ስትል መጠርጠር ነበረብኝ።

በኮንሶ፣ በያቤሎ አድርገን ሞያሌ ገባን። መኪና እየቀየርን፣ ቀን ቀን እየሄድን፣ ስለ እውነት ለመናገር እስከዚያ ድረስ ያማረ ጉዞ ነበር። እናቴ በመስኮቱ በኩል ትቀመጥና የምታየውን ሁሉ ጮክ ብላ ትናገራለች። «ግመል! ሁለት ናቸው!» ትላለች። እኔ ደግሞ ሦስተኛውንና አራተኛውን ግመል ከጎን አያለሁ፤ አልነግራትም።

የሞያሌን ድንበር በእግር ነው የሚሻገሩት። በኬንያ በኩል አንድ ወጣት ጠባቂ ቦርሳችንን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና የእናቴን ከፈተ። ከዚያ እጁን መልሶ ሳበ። ጣቶቹ ቀይ ነበሩ። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ደም እንደመሰለው ነገረኝ፤ እኔም ከእሱ ባላነሰ ደነገጥኩ። ከዚያ ሽታው መጣ፤ ሁሉም ገባኝ። የከለከልኳት ዳጣ በአሮጌ የማር ጠርሙስ ገብቶ፣ በሹራብ ተጠቅልሎ፣ ከቦርሳው ሥር ተቀምጦ ነበር። በኮንሶ ጠመዝማዛ መንገድ ክዳኑ ለቅቋል። ሹራቡ፣ ፎጣው፣ የእናቴ የሠርግ ቀን ቀሚስ ሳይቀር (ባሕርን የምታየው እሱን ለብሳ ነበር) ሁሉም ቀልቷል።

ጠባቂው ጣቱን አሸተተ። ከዚያ ምን እንደነካው አላውቅም፣ ቀመሰው። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ማስነጠስ ጀመረ። እናቴ ደነገጠች፤ ስትደነግጥ ደግሞ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። «አይዞሽ ልጄ! ውሃ አትጠጣ! ዳቦ ብዪ!» እያለች በእጁ ዳቦ ቆሎ ሞላችለት። ልጁ አንዱንም ቃል አልሰማም፣ ግን ዳቦ ቆሎውን በላ። ሲረጋጋ ሳቀና በእጁ ሂዱ አለን። ሌላውን ቦርሳ አልከፈተውም።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ጠረፉን እንዳለፍን መንገድ ዳር ቆሜ በእናቴ ላይ ጮህኩ። የነገርኩሽን መቼ ሰምተሽ ታውቂያለሽ አልኳት። እሷ የቀላውን ቀሚሷን እያየች ቆመች። በዚህ መሃል አንድ የስልክ ካርድ ሻጭ ወደ እኛ መጥቶ፣ የኢንተርኔት ጥቅል ሊሸጥልን «ዳታ? ዳታ?» እያለ ይዞረን ጀመር። እናቴ ቀና አለችና በትካዜ፣ «አለን በዪው። ግን ፈስሷል» አለች። ቁጣዬ በአፌ ውስጥ ሳለ ሳቄ መጣ። እዚያው አስፋልቱ ዳር ተቀምጠን፣ ሻጩ ግራ ተጋብቶ እስኪሄድ ድረስ ሳቅን።

ልብሱን አንድ ቧንቧ ላይ አጠብን፤ አልደረቀም። ወደ ናይሮቢ የሚሄደው አውቶቡስ ማርሳቢት ከፍታ ላይ ሲደርስ ብርዱ አጥንት ገባ፤ ሹራባችን ደግሞ እርጥብ ነበር። እናቴ ጋቢዋን ለሁለታችን ዘርግታ፣ «ገረሴ ደረስን?» እያለች ታሾፍብኝ ነበር። ጠርሙሱ ውስጥ የተረፈውን ዳጣ እንዳልጣለችው ያወቅሁትም እዚያው ነው። በፌስታል ቋጥራ ኪሷ ውስጥ ከታዋለች።

ናይሮቢ ላይ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የሞምባሳው አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ በእንግሊዝኛ ስምንት ሰዓት ነው አለኝ፤ እኔ ሌሊቱን ያልተኛሁ ሰው፣ ጆሮዬ ስምንት ሰዓት ሰማ፣ የእኛን ስምንት፣ ከምሳ በኋላ ያለውን። እናቴን ይዤ ስዞር አረፈድኩ። ቀድመን እንደመጣን በልቤ እየኮራሁ ስንደርስ አውቶቡሱ ገና በጠዋቱ ሄዷል። ቆራጩ ሳቀብኝ፤ «ሳ ምቢሊ! ሳ ምቢሊ!» እያለ ሁለት ጣቱን አሳየን። በሱዋሂሊ ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው፤ እነሱም ቀኑን የሚቆጥሩት እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ነው። እናቴ ጣቶቹን አየች፣ ፀሐይዋን አየች፣ ገባት።

«ሰውዬው እኮ ልክ ነው፤ ሁለት ሰዓት ነው ያለው» አለችኝ። «በገዛ ቋንቋው ቢነግረን አያመልጠንም ነበር። አንተ ነህ በፈረንጅ አፍ የጠየቅከው።»

ስትወቅሰኝ ወንድ ታደርገኛለች።

ትኬቱን ለማታው አውቶቡስ ቀየሩልን። መናኸሪያው ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ዋልን። አመሻሹ ላይ ዳቦ ገዛን፤ እናቴ ከኪሷ ያቺን ፌስታል አወጣች። ርቦኝ ነበር፤ ደስ እያለኝ በላሁ። ዳቦውን በዳጣው እያጠቀስን፣ አፋችን እየተቃጠለ፣ እንደ ቤታችን በላን። ከዚያ አውቶቡሱ መጣ፣ ሰዎች መጋፋት ጀመሩ፣ እኔም የጠብታው ሰዓት እንደደረሰ አስታወስኩ። ውሃ የሚገኝበት ቦታ ሩቅ ነበር። እጄን በሶፍት ጠረግሁ። ቸኮልኩ። የእናቴን ራስ ወደ ኋላ አዘንብዬ፣ የቀኝ ዓይኗን የታችኛውን ቆብ በጣቴ ወደ ታች ስቤ ጠብታውን ጣልኩ።

እናቴ አልጮኸችም። ጉልበቴን ጨምድዳ ያዘችና በጣም በቀስታ «አቤት» አለች። ከዚያ መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጣቴን አየሁ። ጥፍሬ ሥር ቀይ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል አላስታውስም። መጮኼን አስታውሳለሁ፣ በአማርኛ፣ ማንም በማይሰማኝ አገር። ነገር ግን «ውሃ» ማለት በእጅ ይነገራል። ሕፃን ያዘለች ሴት የራሷን ኮዳ አቀበለችኝ። አንድ ሰውዬ የላስቲክ ጠርሙሱን፣ ሌላው ሌላውን። ከአውቶቡሱ መስኮት እጆች ጠርሙስ ይዘው ወጡ። ሕፃኑን ያዘለችው ሴት የእናቴን ግንባር ደገፈች፤ እኔ እጄን በውሃና በሳሙና አሽቼ አሽቼ ከታጠብኩ በኋላ ዓይኗን በዚያ ሁሉ ሰው ውሃ አጠብኩ። ሾፌሩ ሞተር አስነሥቶ ጠበቀን፤ አንድም ሰው እንሂድ አላለም።

ሞምባሳ ስንደርስ ነግቶ ነበር፤ እናቴ ግን አላየችውም። ቀኝ ዓይኗ አብጦ ተጨፍኗል። ግራው ደግሞ ድሮም የለም። ከአውቶቡስ ያወረድኳት በእጄ እየመራሁ ነው። አንድ ፋርማሲ ውስጥ ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ባትሪ ይዛ ቆቡን በጥንቃቄ ከፈተችና አየችው። ውጩ ነው የተቃጠለው፣ አሁን ጠብታ እንዳታደርጉ፣ በንጹሕ ውሃ አጥቢያት፣ ትረፍ፣ ነገ ካልተከፈተ ሐኪም ቤት ውሰጃት አለችኝ። ነገ ካልተከፈተ የሚለውን ለእናቴ አልተረጎምኩላትም።

ማደሪያችን ጠባብ ክፍል ነበር፤ ጣሪያው ላይ አንድ ማራገቢያ እየተንጫጫ ይዞራል። ሙቀቱ የእኛን አገር ቆላ ይመስላል። እናቴን አስተኛኋት፤ እርጥብ ጨርቅ ዓይኗ ላይ አደረግሁላት። አንዴ ሞቅ ሲል እየቀየርኩ፣ አንዴ እጄን እያሸተትኩ ቀኑን ገፋሁ። እጄ አሁንም ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸተኝ ነበር። ያን ቀን ያሰብኩትን ለመናገር አሁንም ያስጨንቀኛል። ሐኪሙ ለወራት፣ ለዓመታት እናቆየዋለን ያለውን የቀረ ብርሃን እኔ በአንድ ጣቴ አጠፋሁት፤ ያውም ባሕሩ በር ላይ አምጥቼ። ባንመጣ ኖሮ ብዬ አሰብኩ። ፎቶግራፍ ባሳያት ኖሮ። በስልክ ላይ ቪዲዮ ባሳያት ኖሮ።

«ይሸታል» አለች እናቴ ከጨርቁ ሥር።

«ዳጣው ነው። ይቅር በዪኝ።»

«ዳጣውን አላልኩም። ባሕሩ ይሸታል። ዓሣ ዓሣ፣ ደግሞ ሌላ ነገር።» ቀና ብላ አፍንጫዋን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ይኼ እንኳ የሐይቅ ሽታ አይደለም።»

እጇን ያዝኩ።

«ለምን ታለቅሻለሽ?»

«አላለቅስም።»

«ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አልታመመም። ስሚኝ። ነገ ቢከፈት ጥሩ። ባይከፈት ደግሞ ወስደሽ ዳሩ ላይ ታቆሚኛለሽ። አንቺ እያየሽ ትነግሪኛለሽ። መናገር ትችያለሽ አይደል? ልጅ ሆነሽ ሐይቅ ነው ብለሽ ስታስረጂኝ እንዴት ትናገሪ ነበር!»

እሺ አልኳት። ከዚያ ውሃ ልቅዳ ብዬ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁና፣ ግድግዳውን ተደግፌ እንደ ልቤ አለቀስኩ። ከክፍሉ ፊት ለፊት ወለል የምትወለውል ሴት መወልወያዋን አቆመች፤ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደች።

በነጋታው ጠዋት የቀሰቀሰችኝ እናቴ ናት። ትራሱ ላይ ያለ እጄን ይዛ ወደ ፊቷ አስጠግታዋለች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ቆቡ ያበጠ ነው፤ ግን ተከፍቷል።

«ጥፍርሽን ተቆረጪ» አለችኝ። «አሁንም አለበት።»

ተነሥቼ አቀፍኳት። አጥብቄ ስለያዝኳት «ልትገዪኝ ነው?» አለች። ሐኪም ቤት እንሂድ አልኳት፤ መጀመሪያ ባሕሩ አለች። ተከራከርን። በመጨረሻ መንገዳችን ላይ ባሕሩን አይተን ወደ ሐኪም ቤት ልንሄድ ተስማማን። እሷ የሠርግ ቀሚሷን ለበሰች። ቀዩ አልለቀቀም፤ ከወገቧ በታች አንድ ትልቅ ብርቱካንማ ደሴት ቀርቷል። ሁለታችንም ቦርሳችንን አዘልን፤ ማደሪያውን ለቀቅን።

አንድ ባጃጅ ነጂ ወስዶ አሸዋ ላይ አወረደን። አየሁ። ውሃ የለም። ከፊታችን እርጥብ አሸዋ፣ ድንጋይና የባሕር ሣር ብቻ ተዘርግቷል፤ ጀልባዎች በጎናቸው ወድቀው ተኝተዋል፤ ሩቅ፣ በጣም ሩቅ ላይ አንድ ነጭ መስመር ይታያል። ሰዎች መሬቱ ላይ እየዞሩ አንድ ነገር ይለቅማሉ። እኔ ይኼን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ የተሳሳተ ቦታ አወረደን ብዬ ነጂው ላይ ጮህኩ። «ባሕሩ የታለ?» አልኩት በአማርኛ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ።

«ምን አለ?» አለች እናቴ። «ምን ታያለሽ? ንገሪኝ።»

«ባሕሩ የለም።»

«የለም?»

«የለም እማዬ። ሄዷል።»

እናቴም፣ «መምጣታችንን ሰምቶ ሸሸ» አለች።

ከወደቁት ጀልባዎች በአንዱ ሥር ሆኖ ስንጥቅ የሚደፍን ሽማግሌ ይሰማን ነበር። አማርኛ አያውቅም፤ ግን የፊቴን ሁኔታ አውቋል። ሁለት እጁን ወደ ባሕሩ ዘረጋና ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ሳባቸው፤ ከዚያ መልሶ ገፋቸው። ከዚያ አሸዋውን መታ መታ አድርጎ ቁጭ በሉ አለን። እኛ የሐይቅ ዳር ሰዎች ነን፤ ዓባያ ማዕበል ያነሣል እንጂ ተነሥቶ አይሄድም። ባሕር በቀን እንደሚሄድና እንደሚመጣ በትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፤ ፈተናም መልሼበታለሁ። ያን ቀን ግን ፈጽሞ ትዝ አላለኝም።

ቦርሳችንን አሸዋው ላይ አስቀምጠን ጫማችንን አውልቀን ተቀመጥን። የጀልባው ሽማግሌ ሥራውን ቀጠለ። እናቴ ከእሱ ጋር በጋሞኛ ታወራ ጀመር፣ እሱም በራሱ ቋንቋ ይመልስላታል፤ ስለ ምን እንደሆነ ሁለቱም የሚያውቁ አይመስለኝም፣ ግን ሁለቱም ሲስቁ ሰማሁ። እኔም ፀሐዩ ጀርባዬን ሲያሞቀኝ፣ ካለፉት ቀናት ድካም ጋር፣ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የነቃሁት እግሬ ሲርስ ነው። እናቴ ቆማ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ይዛ እየጮኸች ነበር። «መጣ! ልጄ፣ ተነሺ፣ መጣ!» ተነሣሁ። ውሃው ከየት እንደመጣ ሳናውቀው ዙሪያችንን ሞልቶታል። የጀርባ ቦርሳዬ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ተንሳፈፈ፣ ተገለበጠ፣ ሄደ። እስከ ጭኔ በደረሰ ውሃ ውስጥ ሮጬ ያዝኩት። የእናቴን ጫማ አንዱን አገኘሁ፤ ሌላው እስከዛሬ ባሕር ላይ ነው። ሽማግሌው ጀልባው ላይ ተቀምጦ፣ ጀልባውም አሁን ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ በእኛ እየሳቀ ያያል።

እርጥብ ቦርሳ አቅፌ ተመለስኩ። እናቴ ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም። ውሃውን በእፍኟ ዘግና ወደ አፏ ወሰደች፤ ፊቷ ተጨማደደ። ተፋችው፤ መልሳ ዘገነች።

«ጨው ነው!» አለች። «ማን ጨመረው ይኼን ሁሉ?»

ከዚያ ወደ ፊት አየች። ለረጅም ጊዜ። ያበጠ ዓይኗን አጥብባ፣ አንገቷን ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ እያዘነበለች። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ቤት ውስጥ የወደቀ መርፌ ስትፈልግ እንዲህ ታደርጋለች። እኔም አጠገቧ ቆሜ ምን እንደምታይና ምን እንደማታይ ለማወቅ ፊቷን አነብ ነበር። አሁን ልጠይቃት አልኩ፤ ፈራሁ።

«ልጄ።»

«አቤት እማዬ።»

«ማዶው አይታየኝም።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ፊት ለፊቴ ይታየኛል፣ ውሃው ይታየኛል፣ ሲነሣም ሲወድቅም። ማዶው ግን የለም። ዓይኔ ነው? ከትናንት ወዲህ ነው? እውነቱን ንገሪኝ፤ አልቀየምሽም።»

ለካ ይኼን ነበር የምትፈልገው። ዕድሜዋን ሙሉ ያየችው ውሃ ሁሉ ማዶ ያለው ነው፤ ከሐይቃችን ወዲያ ተራራ አለ፣ ተራራው ላይ ሰው አለ፣ ማታ ማታ የሚያነዱት እሳት ይታያል። ማዶ የሌለው ውሃ ሊኖር ይችላል ብሎ የነገራት የለም፤ እኔም ጨው እንጂ ይኼን አልነገርኳትም። እዚያ ቆማ፣ ባሕሩ መጨረሻ ያጣው በእሷ ዓይን ምክንያት መስሏት ነበር።

ቀና ብዬ አየሁ፤ በሁለቱ ጤነኛ ዓይኖቼ፣ የምችለውን ያህል ራቅ አድርጌ።

«ዓይንሽ አይደለም» አልኳት። «ማዶ የለውም።»

«ለአንቺም አይታይሽም?»

«ለእኔም አይታየኝም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

እጇን ዘርግታ ክንዴን ፈለገች፤ አገኘችውና ያዘችው። ረጅም ትንፋሽ አወጣች። ፊቷ ላይ የነበረው የመርፌ ፍለጋ ጠፋ፤ ዓይኗን ማጥበብ ተወች፤ እንዲሁ ክፍት አድርጋ ተወችው።

«እንግዲያውስ» አለች፣ «እዚህ እኩል ነን።»